የፍሬን ዋስ

ሰው ያለ ዋስ አይኖርም፤ የሚለያየው ዋስ አድርጎ የሚጠራው ነገር ነው። እኔ ዕድሜዬን በጨረስኩበት በሰው አገር ዋሱ ወረቀት ነበር። ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ቁራጭ «ተመርምሯል» ትላችኋለች። ማን እንደመረመረው አታውቁም። መርማሪው ራሱ በዚያ ሊፍት ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ወይስ ምድር ላይ ቆሞ ፈርሞ በደረጃ ሄዶ እንደሆነ አትጠይቁም። ታምናላችሁ፤ ትወጣላችሁ። እንደዚያ ሳምን ኖሬ ኖሬ፣ ወረቀት ያልተለጠፈበትን ነገር ሁሉ መጠርጠር አመል ሆኖብኝ ነው ወደ ነቀምቴ የተመለስኩት።

ነቀምቴ ደግሞ ለሚጠረጥር ሰው ቸር ከተማ ናት። አዲሱ ፎቅ ከአሮጌው ቀድሞ ይሰነጠቃል። ትናንት የተነጠፈው መንገድ ዛሬ ለቧንቧ ይቆፈራል፤ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ደግሞ ውሃ የለም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ያሉት ሰዎች እኔን አስበው ሳይሆን አይቀርም። ጨለለቂ ሰፈር የምኖርበት ግቢ ጎረቤቶች በማማረሬ ያውቁኛል፤ ሲያልፉ «እማማ፣ ዛሬ ምን አገኙበት?» ይሉኛል። ሁልጊዜ አንድ ነገር አገኝበታለሁ። ስለዚህ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ለማድነቅ ነው። እጄ ስላልለመደው ቢያደናቅፈኝ ታገሱኝ።

የማደንቀው ነገር አሮጌ ላንድሮቨር ነው።

በወለጋ ከተሞች «ላንድሮቨር» የሚለው ቃል የፋብሪካ ስም መሆኑ ቀርቶ የዘመድ ስም ከሆነ ቆይቷል። ሚኒባሱ አስፋልቱ ባለቀበት ቆሞ «ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል» ሲል፣ ላንድሮቨሩ ከዚያ ይጀምራል። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ የእሱ ድርሻ ነው። ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንሱ ናቸው አንዳንዶቹ። የምንለያየው እነሱ መለዋወጫ በማግኘታቸው ብቻ ነው።

ይኸኛው ላንድሮቨር የገመቹ ነው። ገመቹ መካኒክም ሾፌርም ባለቤትም ነው፤ ጋራዡ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ዳገቱ ሥር ነው። ሰውዬው መኪና ሲያድስ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ የመጣለትን ቁራጭ ሁሉ ልክ ያስገባዋል። የመኪናው የብረት አጽም አጭር ሆኖበት ከመሃል ቆርጦ በብየዳ አስረዝሞታል። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ገጥሞበታል፤ አግዳሚዎቹ ከአንድ ጸሎት ቤት እድሳት የተረፉ ናቸው፤ መንገዱን ላየ ሰው ከቦታቸው አልወጡም። ባሌስትራው እንዳይጎብጥ ከወደቀ የጭነት መኪና የተረፈ ንጣፍ ብረት ደርቦበታል። የኋላው በር የሚዘጋው በቤት መቀርቀሪያ ነው። እኔን ግን ከሁሉ ያስገረመኝ ቱቦው ነው። ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ፣ አየር የሚስብበትን ቱቦ በውሃ ቧንቧ አስረዝሞ በመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያው ድረስ አውጥቶታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ የዱቄት ወተት ጣሳ ደፍቶበታል። ያች ጣሳ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ትላለች። በከተማችን ውሃ የማይመጣበት ቧንቧ ሞልቷል፤ ውሃ እንዳይገባበት ታስቦ የተሠራና ሥራውን በትክክል የሚሠራ ቧንቧ ግን ያየሁት ያን አንዱን ብቻ ነው።

ከዚህ መኪና ጋር ያገናኘችኝ ከዲጃ ናት። ከዲጃ የልጅነት ዘመን ሳይሆን የጉልምስና ወዳጄ ናት፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ። ከአገር ሳልወጣ አንገር ጉቲን መምህር ሆኜ ሳለሁ ጎረቤቴ ነበረች። ዛሬ የምትኖረው ከጉቲን ወደ ውስጥ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። አይኗ እየደከመ ነው ብለው ላኩብኝ። «ፊትሽን ሳልረሳው ነይ» ብላለች። እንዲህ የሚል መልእክት የደረሰው ሰው የመንገዱን ሁኔታ አይጠይቅም። እኔ ግን ጠየቅሁ። ከዲጃ ሰፈር ድረስ የሚገባ ሌላ መኪና የለም፤ የገመቹ ላንድሮቨር ብቻ ነው። የገመቹ ላንድሮቨር ደግሞ ቆሟል።

የነገረኝ ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚህ የሸበተ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ከጋራዡ ፊት ለፊት ስለሆነ መኪናውንም የመኪናውንም ወሬ በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

«ተበላሽቶ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እንዲያውም እንዲህ ሆኖ አያውቅም! ሞተሩ ተቀይሯል፤ ፍሬኑ ከነሸራው ታድሷል፤ ሙሽራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይሄድም?»

«ዋስ አጣ።»

ባንክ መሰለኝ። «ብድር አለበት እንዴ?»

«አይ እማማ!» አለና በርጩማ ሳበልኝ። «የሚፈርም ዋስ አይደለም። የሚቀመጥ ዋስ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነቀምቴ ወደ አንገር ሸለቆ የሚያወርደው ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚጓዙ ሰዎች አንድ ደንብ አበጅተዋል፤ የጻፈው የለም፤ የሚያፈርሰውም የለም። መኪና ፍሬኑ በተነካ ጊዜ መጀመሪያ ሲወርድ፣ የሠራው መካኒክ የራሱን ሰው ከፊት ማስቀመጥ አለበት። ተሳፋሪው መናኸሪያ መጥቶ ጎማ አይረግጥም፤ ኮፈን አያስከፍትም። በፊተኛው መስታወት አጎንብሶ ያያል። ከፊት የተቀመጠውን ሰው አይቶ ይሳፈራል፤ ወይ ይመለሳል።

«መካኒኩ ራሱ እየነዳ አይደል?» አልኩት። «የገዛ ነፍሱ አይበቃም?»

«ሾፌር በሩ እጁ ላይ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ይዘላል» አለኝ ሸምሱ። «ወንድምም ይዘላል። ሚስትም ብትሆን ትዘላለች።» ከዚያ አካባቢውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አማት ግን አትዘልም።»

በብዙ ቋንቋ የተጻፉ ስለ እምነትና ስለ ኅብረተሰብ ውል የሚያትቱ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤአለሁ። እንዲህ አጥርቶ የጻፈ አላጋጠመኝም።

የእኔ ነገር፣ ደስ ሲለኝም መጠርጠር አልተውም። «አማቱን የሚጠላ መካኒክ ቢሆንስ?»

ሸምሱ ሳቀ። «እናቷን ገደል ከትቶ ማታ ከልጅቷ ጋር አንድ ትሪ የሚቀርብ ወንድ ወለጋ ውስጥ አልተወለደም!»

እንግዲህ የገመቹ ዋስ እስካሁን አማቱ አዴ ብርቄ ነበሩ። ጉልበታቸው የታመመ፣ ወገባቸው የከበደ፣ ከወንበር ለመነሳት እንኳ ሁለት ሰው የሚፈልጉ ሴትዮ ናቸው፤ ለዋስነት ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም። እሳቸው ከፊት ሲቀመጡ መኪናው ይሞላል። ዘንድሮ ግን «አልቀመጥም» ብለዋል።

ምክንያቱ ሞተሩ ነው። ላንድሮቨሩን የገዙት ባለቤታቸው ሟቹ ኦቦ ነገራ ነበሩ። ያ የድሮው ሞተር ያስል ነበር። ኦቦ ነገራ ማምሻውን ከጉቲን ሲመለሱ መኪናው የቡርቃ ጃቶን ዳገት እያሳለ ሲወጣ አዴ ብርቄ ከጓዳ ይሰሙታል፤ ያኔ ድስቱን ይጥዳሉ። ኦቦ ነገራ ሞቱና መኪናው ለልጃቸው ባል ለገመቹ ተሰጠ። ገመቹም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ይመጣ ስለነበር፣ አዴ ብርቄ ሳሉን እየሰሙ ድስቱን መጣዳቸውን ቀጠሉ። ባል ሞተ፤ ሳሉ ግን በየምሽቱ ይመጣ ነበር።

በዚህ መሃል ሞተሩ ከነሳሉ አረጀ። ባለፈው ክረምት ሞልቶ በሚፈስ ወንዝ መሃል ቀጥ አለና ተሳፋሪው በገመድ እየተያያዘ ወጣ። ያን ቀን ገመቹ ማለ። አንድ የተገለበጠ ሚኒባስ ሞተር ፈልጎ አገኘ፤ ቦታው ጠበበው፤ ማቀፊያውን ቆርጦ፣ ማርሹ የሚገጥምበትን ብረት ራሱ ቀርጾ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ገጠመው። የሚያውቁ ሰዎች «አይገጥምም» ብለውት ነበር። ገጠመ። እንዲያውም በጣም ገጠመ፤ ድምፁ የማይሰማ ሆነ። ያን ምሽት መኪናው ዳገቱን እንደ ድመት ወጥቶ ግቢ ገባ። አዴ ብርቄ ምድጃው ሳይነድ፣ ድስቱ ሳይጣድ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። መብራቱ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ጮኹ፤ ከጩኸቱም በኋላ ገመቹን አላነጋገሩትም።

በእኛ አካባቢ አማትና አማች ስም አይጠራሩም፤ ሲጣሉም በአክብሮት ነው። ስለዚህ ጠቡ የሚካሄደው በሸምሱ በኩል ነበር። «ሸምሱ፣ የባለቤቴን ሞተር ይመልሱልኝ በልልኝ።» «ሸምሱ፣ እሺ፣ ይመለስልዎታል በልልኝ።» ገመቹ አሮጌውን ሞተር በጋሪ ጭኖ ግቢያቸው ድረስ ወሰደው። አሁን አቮካዶው ሥር ተቀምጧል። ዶሮዎቹ ወደውታል፤ ሁለቱ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ሆኖ አንድ የገበያ ቀን አለፈ። ላንድሮቨሩ መናኸሪያ ቆመ፤ ሰው እየመጣ በመስታወቱ አጎንብሶ አየ፤ የፊቱ ወንበር ባዶ ነው፤ ተመለሰ። ሌላም የገበያ ቀን አለፈ። ወሬው ተነሳ። «አማቱ ያላመኑትን ፍሬን እኛ ልናምን ምን ቤት ነን?» ፍሬኑን የነካ፣ ያየ፣ የሞከረ ሰው የለም፤ የገመቹ ስም ግን እያለቀ ነበር። አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰውዬ በጋራዡ በር ማለፍ አበዛ፤ ሲያልፍ መኪናውን ዝም ብሎ አያየውም፤ በዓይኑ ይቆራርጠዋል። የመናኸሪያው ሰዎችም ለገመቹ ቁርጡን ነግረውታል፤ በሚመጣው ገበያ ካልጫነ ተራውን ያጣል። ተራውን ካጣ መኪናው ለብረት ነው።

አዴ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ማስታረቅ ልማዴ አይደለም፤ ከዲጃን ለማየት ነው። አቮካዶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ሞተሩን እየወለወሉ አገኘኋቸው።

«አከም ጂርቱ፣ አዴ ብርቄ?»

«ፈያ፣ ነጋ። ኮቱ፣ ታኢ፣ ቁጭ በይ፤ ዶሮዋን አታስነሻት እንጂ።»

ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። «ፍሬኑን ጠርጥረውት ነው?»

«ፍሬኑን?» ቀና አሉ። «ማን ነው ፍሬኑን የጠረጠረ? የልጄን ባል እጅ አላውቀውም? ከፋብሪካው ይበልጣል።»

«ታዲያ ይቀመጡለት!»

«ድምፅ የሌለው ነገር ላይ? ሰው ወደ ቤቱ ሲመጣ ማስታወቅ አለበት። ኮቴ ሳያሰማ የሚገባ ሌባ ነው።»

«በገበያው ቀን ካልጫነ እኮ መኪናው ለብረት ይሸጣል፤ በኪሎ!»

ነጠላው ሞተሩ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል። «ይሸጥ» አሉ። እጃቸው ግን መወልወሉን አላቆመም፤ እንዲያውም ፈጠነ።

ከዚያ በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። ገመቹ መኪናው ሥር ነበር፤ እግሩን አነጋገርኩት።

«እኔ ብቀመጥልህስ?»

እግሩ ወጣ፤ ቀጥሎ ራሱ ወጣ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ዓይኑ ጉልበቴ ላይ ቆመ። «እማማ፣ እርስዎ ዘመዴ አይደሉም።»

«ማን ያውቃል? ዕድሜዬን በውጭ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ እናትህ ልሁን አክስትህ ማን ያጣራል?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ። እናቴ ናቸው ብዬ አልዋሽም።»

«አትዋሽ። ዝም በል። ዝምታ በየትኛው ሃይማኖት ነው ኃጢአት የሆነው?»

አሰበበት። በጨርቅ እጁን ሲጠርግ ቆየ። «መውረድ ይችላሉ? ከቆመ መኪና ማለቴ ነው።»

«ካልደገፉኝ አልችልም።»

ፊቱ ሲፈካ አየሁት። ጉልበቴ አንድን ሰው ሲያስደስት የመጀመሪያው ነው።

በገበያው ቀን ማለዳ ከፊት ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቻለሁ። አንድም ወረቀት አልተለጠፈም። መሪው ላይ የተጠመጠመ ፕላስቲክ አለ፤ ከፊቴ ያለው የፍጥነት መለኪያ መርፌው ወድቆ ተኝቷል። ገመቹ በቃሉ ጸንቶ ለማንም ምንም አልተናገረም፤ መሪውን ይዞ ወደፊት ያያል። ሰዎች መጡ፤ አጎነበሱ፤ አዩኝ። ጓሮ ውስጥ እንግዳ ዶሮ እንዳየ ሰው ራሳቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበሉ አዩኝ። አንዲት ቅርጫት የተሸከመች ሴት ጠጋ አለች።

«አከም ቡልተን፣ እማማ? የገመቹ ምን ነዎት?»

«ተሳፋሪ» አልኳት። መዋሸት እኔም አላማረኝም።

«ጉልበትዎን ያምዎታል?»

«ያመኛል።»

«በጣም?»

«በጣም እንጂ! ሌሊት እንኳ አያስተኛኝም።»

«በሬዳ! ጥሩ ነው!» አለችና ቅርጫቷን አስጭና ገባች። ሌሎችም ጥቂቶች ተከተሏት። መኪናው አልሞላም፤ ግማሽም አልሆነ። ገመቹ ግን ሞተሩን አስነሳና ወጣን። የመናኸሪያው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ባዶ ይዘህ ነው የምትሄድ?» አለው እየሳቀ። ገመቹ ፊቱን ሳያዞር በሩን አለፈ።

ከተማው ዳር ስንደርስ አንድ ግንድ ሥር የተሰበሰበ ሕዝብ እጁን ዘረጋ። ገመቹ አቆመ። ከኋላ ግፊያ፣ ጫጫታ፣ የዶሮ ጩኸት፣ «ጠጋ በሉ»፣ «ቀስ፣ ቀስ አድርጓቸው» ሰማሁ። መቀርቀሪያው ሲገባ መኪናው በክብደቱ ረገብ አለ። ሞላ! ገመቹ ዞሮ ሊያይ ቢሞክርም በመሃል የተደረደረው ጆንያ አላሳየውም። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። ዝናዬ ከእኔ ቀድሞ ከተማ ዳር የደረሰ መሰለኝ። በሰው አገር ስኖር አንድም ሰው በእኔ ተማምኖ ሊፍት ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ።

ስለ ቁልቁለቱ ብዙ አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ብዙ አላየሁም። በቀኜ በኩል ምድሩ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አንድ ጠመዝማዛ አለፍን፤ ሌላ አለፍን። ገመቹ ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር መኪናው በጨዋ ደንብ ቀስ ይላል፤ ጸጥተኛው ሞተርም እንደ ጸሎተኛ ያንሾካሹካል። ጣሳዋ ብቻ ከላይ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ዓይኔን መክፈት ጀመርኩ። እንዲያውም «ይኸው፤ በከንቱ ነው ሰው የሚፈራው» ማለት ጀምሬ ነበር።

ከኋላ አንድ ድምፅ ጆንያውን፣ ዶሮውን፣ ሰውን ሁሉ ሰንጥቆ መጣ።

«ማርሽ ቀንስ! ማርሽ ቀንስ አንተ! እዚህ ጋ ኦቦ ነገራ በሁለተኛ ነው የሚወርደው! ፍሬኑን ምን አደረገኝ ብለህ ነው ሁልጊዜ የምትረግጠው፤ ልትጨርሰው ነው?»

የገመቹ ጀርባ ቀጥ አለ። ፊቱን አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ከአማቱ አፍ ያለ ሸምሱ ንግግር ከሰማ ስንት ጊዜው! እጁን ወደ ማርሹ ሰድዶ ወደ ሁለተኛ አወረደው።

መካኒኮች ይህን ያውቁታል፤ እኔ ያን ቀን ተማርኩት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲቀነስ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንዲህ ያለ ሸክም ሲጫንበት ዝም አይልም። ያ ድመት፣ ያ ጸሎተኛ፣ ያ ሌባ የተባለ ሞተር ከእግራችን ሥር አገሳ። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ግርርር ብሎ ሸለቆውን ሞላው። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው።

ከኋላ አዴ ብርቄ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ እንዲህ ሲሉ ሰማን።

«አሃ። አፍ አለው ለካ።»

ገመቹ ሳቀ አልልም፤ አማቱ ፊት አይስቅም። ግን ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳ ላይ ከደረስን በኋላም ብዙ መንገድ ድረስ ማርሹን አልቀየረም።

ወንዙ ዳር ስንቆም ወርጄ (ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው የወረድኩት) ወደ ኋላ ሄድኩ። አዴ ብርቄ የጸሎት ቤቱ አግዳሚ ላይ፣ በአንድ የጤፍ ጆንያና በአንድ አውራ ዶሮ መሃል፣ እንደ ንግሥት ተቀምጠዋል።

«መጡ ማለት ነው!» አልኳቸው። «ዋስ አልሆንም ብለው አልነበር?»

«ዋስ አይደለሁም» አሉኝ በቁጣ። «ዋስ ከፊት ነው የሚቀመጠው። እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ጉቲን ጉዳይ አለኝ።»

የምን ጉዳይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ባለቅርጫቷ ሴት ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ ስላየኋት፣ «እናንተ ታውቁ ነበር?» አልኳት።

«ከመናኸሪያ እንዳንሳፈር፣ ከተማ ዳር እንድንጠብቅ የነገሩን እሳቸው አይደሉም እንዴ? ሰዉ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ነው የቆመው» አለችኝ። ከዚያ እንዳይከፋኝ አስባ ነው መሰለኝ ጨመረችልኝ። «እኔ ግን እሳቸውን ሳልጠብቅ በእርስዎ ጉልበት ነው የገባሁት፤ እውነቴን ነው።»

ኩራቴ እዚያው ወንዝ ዳር ቀረ፤ እኔን ግን ደግፈው መልሰው አሳፈሩኝ። ገመቹ ወንዙን አየና ገባበት። ውሃው እስከ በሩ ወጣ፤ መብራቶቹን ዋጠ፤ ጣሳዋ ግን ከላይ ደርቃ፣ ቀጭ ቀጭ እያለች፣ አየሯን እየሳበች ተሻገረች። ሞተሩ ቀጥ አላለም። ማዶ ስንወጣ የረጠበው ፍሬን እስኪደርቅ ድረስ በቀስታ ነካ ነካ አደረገው፤ ከዚያ ቀጠለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ገለቶማ፣ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን አመሰገነች። አዴ ብርቄ ደግሞ «ኦቦ ነገራ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያስገፋን ነበር» አሉ። ቅሬታ መሆኑን ምስጋና መሆኑን ለመለየት እስካሁን አልቻልኩም።

ከዲጃ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇን ፊቴ ላይ አሳርፋ ዳሰሰችኝ፤ አፌ አካባቢ ስትደርስ እጇ ቆመ። «እሰይ! ምን አግኝቶሽ ነው? አንቺ ስትስቂ እኮ ላውቅሽ አልችልም» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨሩ ተራውን አላጣም። ብረት ገዢውም መንገዱን ቀይሯል። አሮጌው ሞተር ከነዶሮዎቹ አቮካዶው ሥር ነው። ስለ አዲሱ ግን በከተማው አንድ ሐሜት አለ፤ ገመቹን የሚያህል መካኒክ መንዳት ረስቷል ይሉታል። ያ ጉልበታም ሞተር በሦስተኛ ማርሽ ሽው ብሎ የሚወጣውን የቡርቃ ጃቶን ዳገት፣ እሱ ምሽት ምሽት ሲመለስ በሁለተኛ ይወጣዋል፤ እያስጓራ፣ እያጮኸ፣ ናፍጣውን በከንቱ እየፈጀ። ሸምሱ እንኳ «ሞተሩን ሊያቃጥለው ነው» ብሎ ይናደዳል። የማያውቁ ሰዎች መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ያን ሰዓት ግን ከዳገቱ በላይ ባለው አንድ ግቢ ጭስ ይነሳል፤ ድስት ይጣዳል።

እኔም ሳላስበው ሥራ አገኘሁ። ጋራዦቹ ሁሉ ወሬውን ሰምተዋል። አማቱ የሞተችበት፣ አማቱ የተጣላችው፣ ገና ያላገባ መካኒክ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ፤ አመል ከነፍስ ጋር ነው የሚወጣው። ከፊት ከመቀመጤ በፊት በኋላው በር በኩል ዞሬ፣ በጆንያዎቹ መሃል አንዲት ቆጣ ያሉ፣ ወገባቸው የከበደ፣ «ጉዳይ አለኝ» የሚሉ ሴትዮ መኖራቸውን አያለሁ። ካሉ እቀመጣለሁ። እሳቸው ደግሞ የሚሳፈሩት እኔ ከፊት መቀመጤን በሰው አስጠይቀው መሆኑን በቅርቡ ሰምቻለሁ።

ዛሬም ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። ከማላውቀው ጋራዥ የመጣ፣ እጁ በግራሶ የተለወሰ ጎልማሳ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰላምታውን ካዥጎደጎደ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እማማ፣ ፍሬን ሠርቼ ነበር። ጉልበትዎ ዛሬ እንዴት ነው?»

«ኧረ ተወኝ፤ ክፉኛ አሞኛል።»

«ጌታ ይመስገን!» አለኝ።